የኤል ዲማ ጓጉንቸር

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ!» አለ ሽማግሌው አዳኖ፣ የግራጫዋን ግመል ታፋ በበትሩ ጫፍ እየነካ።

ግራጫዋ አንገቷን አዙራ አየችውና አገጯን መልሳ መሬት ላይ አሳረፈች። ሁለተኛ ሲነካት ከሆዷ ረጅም ማጉረምረም አውጥታ፣ ኋላዋን አስቀድማ፣ እየተንገዳገደች ቆመች። ግልገሏ ከሥሯ ተሽሎክልኮ ጡቷን ፈለገ። እሷ ስትቆም ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ገና መንጋቱ ነበር፤ ነፋሱ ግን ከፀሐይ ቀድሞ ተነሥቶ አቧራውን በየጎጆው ደጃፍ እያንከባለለ ነበር።

ግመሎቹ ስንት ነበሩ ብላችሁ አትጠይቁኝ። የጋብራ ጎሣ ሰው ግመሉን አይቆጥርም። የሰው ግመል የሚቆጥር ካለ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የቢሮ ሰው ነው። እረኛ መንጋውን በመልኩ ያውቀዋል፤ ማን እንደጎደለ ለማወቅ አንዴ ዞር ብሎ ማየት ይበቃዋል። የሦስት ቤት ግመል ነበር ልበላችሁና ልለፈው።

ከሦስቱ ቤት አንዱ የሶራ ያታኒ ነው። ሶራ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ቀጭን ነው፤ ሲራመድ መሬቱን የሚቀማው ሰው ያለ ይመስል ይቸኩላል። በወጣትነቱ ሣር ፈላጊ ነበር። አሁን ግን ለመንግሥት የድርቅ ቢሮ በየወሩ ሠላሳ ቤት እየዞረ «ዛሬ ስንት ኩባያ ወተት ታለበ? ውሃው ምን ያህል ያስኬዳል? የሞተ ከብት አለ?» እያለ ቅጽ ይሞላል። ቢሮው ከየአቅጣጫው የመጣውን ቅጽ ሰብስቦ አገሩን በቀለም ይከፍለዋል። አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ ነው፣ ቀይ ጭንቅ ነው። ቀይ ሲሆን ሁለት ነገር ይሆናል። ለክፉ ቀን የተቆፈረው የኤል ዲማ ጉድጓድ ይከፈታል፤ ዱቄትና የሕፃናት ምግብ የጫነ መኪናም ወደ መንደሮቹ ይነሣል። ሶራ የዚህ ወር ቅጹን ልኮ ነበር። ሰማዩ ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ጠብታ አልጣለም፤ ስለዚህ ቀይ እንደሚሆን ቅንጣት አልተጠራጠረም።

ወደ ኤል ዲማ ከመነሣታቸው በፊት ታላሶ እናቷን ልትሰናበት ወደ ጎጆዋ ገባች፤ ሶራም ተከትሏት ደጃፉ ላይ ቆመ። ታላሶ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው፤ ልጆቿን የምታሳድገው በጥቂት ግመሎቿ ነው። አሮጊቷ እናቷ የታላሶን የመጨረሻ ልጅ ሎኮን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«ሰላም አደራችሁ?» አለ ሶራ።

«ሰላም» አለች አሮጊቷ።

«ልጆቹ ሰላም ናቸው?»

«ሰላም ናቸው።»

«ግመሎቹስ?»

«ሰላም።»

ሎኮ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ያያት ሰው ግን የስድስት ወር ልጅ ናት ይላል። በዓይኗ ጥግ ዝንብ አርፎባታል፤ እጇን አንሥታ ማባረር አቅቷታል። ሶራ አየና ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። እንዲህ ነን እኛ። ቤት እየነደደ ቢሆንም መጀመሪያ ሰላም ይባላል። ክፉን ነገር በስሙ የጠራ አፍ ይጎትተዋል ብለን እንፈራለን፤ ከዚያም በላይ ደጃችን ለቆመ ሰው ችግር መዘርዘር ልመና ይሆንብናል።

ታላሶ በልጇ አናት ላይ እፍ ብላ የምርቃት ምራቋን ጣል አደረገችና ዞር ሳትል ወጣች።

«አራት ቀን ነው» አላት ሶራ መንጋውን እየነዱ። «ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ነው የምናገኘው። መኪናውም ያኔ ወደ እናትሽ መንገድ ይጀምራል። ሎኮ ትበላለች።»

«ብዕርህ ይህን ሁሉ ከቻለ ባልም ይፈልግልኝ።»

«እሱ የሽማግሌዎች ሥራ ነው።»

«ሽማግሌዎቹማ ፈልገውልኝ ነበር፤ አንተን» አለች ታላሶ። አዳኖ ሳቁን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፈነ።

የመጀመሪያውን ቀን እንዲሁ እየተቀላለዱ ጨረሱት። በሁለተኛው ቀን ቻልቢ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ቻልቢ ዳርቻው የማይታይ የጨው ሜዳ ነው። ከላይ ፀሐይ ትጠብሳለች፣ ከታች ነጩ መሬት ብርሃኑን መልሶ ዓይን ውስጥ ይወጋል። የግመሎቹ ኮቴ የደረቀውን ቅርፊት ሲሰብረው ቋ ቋ ይላል። ረፋዱ ላይ ከምሥራቅ በኩል ነጭ ግድግዳ የመሰለ ነገር ተነሣ።

«አንበርክኩ!» ብሎ ጮኸ አዳኖ። «ጀርባቸውን ለነፋሱ ስጡት!»

ሮጡ። ሶራ ሁለቱን በአንድ ገመድ ጎትቶ ጣላቸው፤ ታላሶ የሌላዋን አንገት አቅፋ እየተንጠለጠለች አንበረከከቻት። የመጨረሻዋን ከማንበርከካቸው ነፋሱ ደረሰ። ጨውና አሸዋ ቀላቅሎ ገረፋቸው። ሦስቱ በግራጫዋ ጎን ተጣብቀው ጥምጣማቸውን በአፋቸው ነክሰው ተኙ። ታላሶ ግልገሉን ከደረቷ ሥር ሸጉጣ አፍንጫውን በሻሿ ሸፈነችለት። ምን ያህል እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ነፋሱ ሲያልፍ ጆሯቸው ውስጥ ጨው ነበር፤ ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል።

የአዳኖ ጥቁሯ ግመልና የታላሶ ባለነጭ ግንባሯ አልተነሡም። ሶራ ከጅራት ሥር ገብቶ ወደ ላይ ገፋ፤ ታላሶ ልጓሙን ጎተተች፤ አዳኖ በጆሯቸው እያንጎራጎረ ለመናቸው። ባለነጭ ግንባሯ ጉልበቷን አንዴ ለመዘርጋት ሞከረችና ተወችው። አዳኖ ጩቤውን አወጣ። ታላሶ ደሙ ከጨው ሲቀላቀል እያየች «ይህችን የሰጠኝ ባሌ ነበር፤ ለሰርጌ» አለች።

ሶራ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሰማይ አነሣው። መስመር የለም።

«ቀለሙን ልታይ ነው?» አለችው።

«ቀይ ሆኖ ይሆናል። ባይሆን እንኳ በዚህ ሁለት ቀን ይሆናል።»

«እንግዲያ ቶሎ ቶሎ እንበል።»

በሦስተኛው ቀን ጥቁሩ ድንጋይ ጀመረ። እሳተ ገሞራ የተፋው ስለታም ድንጋይ ነው፤ የግመል ኮቴ ሲቆራርጠው ድንጋዩ ላይ ቀይ ቀይ ነጥብ ይቀራል። በየሰዓቱ እያቆሙ የኮቴዎቹን ቁስል በሞቱት ግመሎች ቆዳ ያስሩ ነበር። መንገድ ላይ ሌሎችም ወደቁ። የሚወድቀውን አዳኖ ያርዳል፣ ሶራ ጥቂት ሥጋ ይቆርጣል፣ ታላሶ የቀሩትን ትነዳለች፤ እየተላመዱት ሄዱ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ግመሎቹ በአንዴ ቆሙ። ግራጫዋ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ጆሮዋን ወደ አለቱ አዞረች። አንበሳው ከሁለት ድንጋይ መካከል ወጣ፤ ከስቶ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ሰዎቹን ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም፤ ቀጥ ብሎ ግልገሉ ላይ ወረደበት።

ሶራ ጦሩን ይዞ ሮጠ። ይህን ሲያደርግ አላሰበበትም፤ እግሩ ነው የወሰደው። ጦሩን በአንበሳው ትከሻ ላይ ሰካው፤ አውሬውም ሳይዞር በአንድ መዳፉ መታውና ደረቱን ሰንጥቆ ድንጋይ ላይ ወረወረው። ታላሶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየወረወረች፣ እስከ ዛሬ ሰምታ የማታውቀውን ስድብ እያወረደችበት ቀረበች። አዳኖ ባዶ ጀሪካን በበትር እየደበደበ ከኋላዋ መጣ። አንበሳው ግልገሉን ጥቂት ጎተተና ጦሩ ሲከብደው ለቀቀው። እያነከሰ ወደ አለቱ ተመለሰ፤ ጦሩንም ይዞት ሄደ። ግልገሉ ግን አንገቱ ተሰብሯል።

አዳኖ ወዲያው ግልገሉን መግፈፍ ጀመረ።

«አሁን ለቆዳ ነው የምንሞተው?» አለች ታላሶ የሶራን ደረት በሻሿ እያሰረች።

«ለወተት ነው፣ ልጄ። እናቲቱ የልጇን ጠረን ካላሸተተች ጡቷን ትከለክላለች።»

ቆዳውን ጠቅልሎ ለግራጫዋ አፍንጫ አቀረበላት። አሸተተችው፤ ላሰችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችው። ታላሶ ጡቷ ሥር ቁጢጥ ብላ አለበች። ግማሽ ኩባያ የማይሞላ ወተት ወረደ፤ ታላሶ አንሥታ ለሶራ ሰጠችው።

«ለሎኮ ይዘሽው...»

«እስከ መንደር ድረስ በእጄ ልይዘው ነው? ደም ፈሶሃል። ጠጣ።»

ጠጣ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ አልቆ፣ ሰዎች በእጃቸው የቆፈሩት የቆየ የውሃ ጉድጓድ፣ ኤላ የሚባለው ዘንድ ደረሱ። ጋልጋሎ የሚባል የሌላ መንደር ጋብራ ከአራት ዘመዶቹ ጋር አፉ ላይ ቆሞ ነበር። ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዟል። ግመሎቹ ከበስተጀርባው ተኝተዋል።

«ሰላም ነው?» አለ ሶራ።

«ሰላም ነው።»

«ሰዉ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ውሃው ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አለ ጋልጋሎ፣ ዓይኑን ከሶራ ዓይን እያሸሸ።

«እንግዲያ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት እናጠጣና እንለፍ። ወደ ኤል ዲማ ነን።»

«አይሆንም።»

«የአባትህ አባትና የአባቴ አባት ይህን ኤላ አብረው ነው የቆፈሩት።»

«አይሆንም አልኩህ። ግመልህን መልስ።»

አዳኖ በትሩን አጥብቆ ያዘ። «እኔ አንተ ሳትወለድ እዚህ አጠጥቻለሁ፣ አንተ ልጅ። ከመንገዴ ዞር በል።»

«አባቴ፣ አንድ እርምጃ ቢጨምሩ እተኩሳለሁ» አለ ጋልጋሎ። ተኮሰም፤ ጥይቱ ከሶራ እግር ፊት አቧራ አስነሣ። ግመሎቹ ተበታተኑ። ሶራ ደረቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ይዞ ወደ ፊት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚገድል የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መሐል ታላሶ ከኋላ ዞራ ወደ ኤላው ወርዳ ነበር። ስትወጣ ድምፅ አላሰማችም። በሁለቱ ሰዎች መካከል ገብታ የዘጋችውን መዳፏን ከፈተች። መዳፏ ላይ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ ነበር።

«ተወው ሶራ» አለች። «ሰውየው ንፉግ አይደለም። ውሃ ነው የሌለው።»

ጋልጋሎ ጠመንጃውን አወረደ። ቁጭ አለና ፊቱን በጥምጣሙ ሸፈነ። «ከትናንት በስቲያ ነው የደረቀው» አለ ከዘመዶቹ አንዱ፣ ጋልጋሎ እንዳይሰማው ቀስ ብሎ።

«ሰው ልትገድል ነበር እኮ» አለ ሶራ። «ደርቋል ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አንተ ብትሆን ትል ነበር?» አለ ጋልጋሎ ከጥምጣሙ ሥር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መንጋዎች ተቀላቅለው ወደ ኤል ዲማ ሄዱ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ደረሱ። የሞተር ድምፅ አልተሰማም። የሽቦ አጥር፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ በሩ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ጓጉንቸር። ገንዳው ከበሩ ውጭ ነው፤ ውስጡ የሞተ ወፍ ተኝቷል። ጠባቂው ዋቆ ከጎጆው እየሮጠ ወጣና ለሰዎቹ ከራሱ ጀሪካን አጠጣቸው። ለግመሎቹ የሚሆን አልነበረውም።

«ክፈትልን» አለ ሶራ ትንፋሹ ሳይመለስ። «ቀይ ሆኗል አይደል?»

«ቢጫ ነው» አለ ዋቆ። «እንዲያውም ወደ አረንጓዴው ተጠግቷል። ይኸው፣ የወሩ ወረቀት።»

በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። ሶራ ቀረበ። ታላሶ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ከጎኑ መጥታ ቆመች።

«አንብበው» አለችው።

ሊዋሻት ይችል ነበር። አላደረገውም። «ወተት፣ በቤት በቀን በአማካይ ሦስት ኩባያ። የከብት ሞት፣ የለም። የሕፃናት ሁኔታ፣ ደህና።»

«ሦስት ኩባያ የማን ቤት ነው?»

«የሠላሳ ቤት ነው። የአንቺም አለበት።»

«እኔ ቤት ሦስት ኩባያ ያየ ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ። በወሩ መጀመሪያ ደጅሽ ቆሜ ስጠይቅሽ ሰላም ነው፣ ወተትም አለ አልሽኝ።»

ታላሶ ወደ እሱ ዞረች። «እና ምን ልበልህ? ደጄ ለቆመ ሰው የለኝም ልበለው? የወተቱ ጮጮ ከራስህ በላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ሶራ። ከታጠነ ወር አልፎታል፤ ሸረሪት አድርቶበት ነበር። ልጄ እግርህ ሥር ተኝታ ነበር። አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ሦስት ጻፍክ።»

«የምጽፈው የተባልኩትን ነው። ሥራዬ...» አለና የራሱን ድምፅ ሰማው። የገዛ ሚስቱም ሰላም ነው ብላው፣ የራሱን ቤት ወተት አራት ኩባያ ብሎ እንደጻፈ ትዝ አለው። የብረቱን በር ተደግፎ ቆመ።

አዳኖ ግን አልተቆጣም። የጓጉንቸሩን ብረት በጣቱ እየነካካ በሐዘን ነበር የተናገረው። «ድሮ ይህን ግጦሽ የምንዘጋውም የምንከፍተውም እኛ ሽማግሌዎቹ ነበርን። አንተ ደግሞ ሣር ፈላጊያችን ነበርክ። ከየአገሩ አንድ እፍኝ አፈርና አንድ ጭብጥ ሣር አምጥተህ በመካከላችን ትዘረግፍ ነበር። ማንም አይጠይቅህም፣ አንተም አትናገርም። እኛ አፈሩን አይተን እንወስናለን። ጉድጓዱ በሞተር ሲቆፈር ደስ ብሎን ቁልፉን መርቀን ሰጠን። ቢሮው ክፉ አይደለም። ግን የሚሰማው በአፍ ብቻ ነው፤ የእኛ አፍ ደግሞ እንደምታየው ነው።»

ጋልጋሎ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ጓጉንቸሩ መጣ።

«ስበረው» አለ ዋቆ መንገድ እየለቀቀ። «አልከለክልህም። ግን ሞተሩ ጠብታ ነዳጅ የለውም። ነዳጁ ከትእዛዙ ጋር ነው የሚመጣው።»

ጋልጋሎ ድንጋዩን ጣለው።

ስልክ የሚሠራው ከኮረብታው ጫፍ ብቻ ነው። ሶራ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በቢሮው ቅጹን የሚቀበለው ቦካዮ የሚባል ወጣት ነው፤ የዚያው አገር ልጅ።

«ጋሽ ሶራ! ሰላም ናችሁ?»

«ቦካዮ፣ ቅጹ ልክ አይደለም።»

«የቱ ቅጽ?»

«የእኔ። ወተት የለም። ከብቱ እያለቀ ነው። ሕፃናቱ...»

«ጋሽ ሶራ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ቀለም አልቀባም እኮ። እርስዎ በጻፉት ነው የሚቀባው። ማን ነው የዋሸው?»

«ማንም አልዋሸም። ሰላም ነው አሉኝ፤ እኔም ጻፍኩት።»

ቦካዮ ቀስ ብሎ «እናቴም እንዲሁ ናት» አለ። «ይስሙኝ። የእርስዎ ቃል ብቻውን አለቆቼን አያሳምንም፤ ቅጽዎም የእርስዎ ነበርና። ከሰዎቹ ከራሳቸው አፍ፣ በስማቸው፣ ከነቁጥሩ መስማት አለብኝ። ድምፁን እቀርጻለሁ። ይነጋገሩበት።»

ሶራ ዙሪያውን አየ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ከታች ግመሎቹ ገንዳው ዙሪያ ቆመው ባዶውን ያሸታሉ። በጎሣው ታሪክ መንጋውን ጮክ ብሎ የቆጠረ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ጥምጣሙን ከራሱ ፈታ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ጥምጣም አድርጎ መናገር አልቻለም።

«ሶራ ያታኒ እባላለሁ። ከአምስት ቀን በፊት ሰባት ግመል ነበረኝ። ዛሬ አራት አለኝ። ሦስቱ ቤት በጠቅላላ አሥራ ዘጠኝ ነዳን። አሥራ አንድ ቀርቷል። ቤቴ ውስጥ ወተት የለም። የሚስቴ ፊት አብጧል። ሰላም አይደለም።»

አሁን ቁጥሩን እኔም መናገር እችላለሁ፤ እሱ ራሱ አውጥቶታልና።

አዳኖ ሁለተኛ ተናገረ፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። ከዚያ ጋልጋሎ መጣና ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «ኤላችን ደርቋል» አለ፤ ይህንኑ ሁለት ጊዜ ደገመው። ዘመዶቹም ተራ በተራ ቆጠሩ። ታላሶ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። ሶራ አልጠራትም። ሁሉም ሲጨርሱ ዞረችና ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

«ታላሶ ነኝ። ልጆቼ ሦስት ናቸው። የመጨረሻዋ ሎኮ ትባላለች። የማበላት የለኝም። ልትሞትብኝ ነው።» ስልኩን መለሰችለት።

ቦካዮ የቻለውን አደረገ፤ ይህን አልክድም። በዚያው ቀን ድምፁን ይዞ በየበሩ ለመነ። ግን አንዱ ፊርማ ሌላውን ይጠብቃል፣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። መኪናውና ነዳጁ እስኪንቀሳቀስ ሦስት ቀን ሄደ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግመሎቹ ከሥራቸው ውሃ እየሸተታቸው በአጥሩ ጥግ እየተኙ ቀሩ። ሶራ በየጠዋቱ የሞቱትን ጎትቶ ከገንዳው ያርቃል። ከታላሶ ጋር ቃል አልተለዋወጡም፤ ገመዱን ስትይዝለት ብቻ ይጎትታል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ነዳጅ የጫነ መኪና መጣ። ዋቆ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ሞተሩ ሳለ፣ ጭስ ተፋ፣ ያዘለት። ቧንቧው ውስጥ ነፋስ አፏጨና ቀይ ጭቃ ወጣ፤ ቀጥሎም ውሃ ወጣ። ከአሥራ ዘጠኙ የቀሩት ስድስት ነበሩ። ግራጫዋ አንገቷን እስከ ትከሻዋ ነክራ ጠጣች። አዳኖ ከአጠገቧ ተንበርክኮ ውሃውን በእጁ እየቀዳ ጺሙ ላይ ያፈስ ነበር።

ሶራ ቦካዮን ሊያመሰግን ወደ ኮረብታው ወጣ።

«ደረሰላችሁ?» አለ ቦካዮ።

«ደርሷል። የሕፃናቱስ ምግብ?»

«እሱ ትናንት ከሰዓት በኋላ መንደራችሁ ገብቷል። ለሁሉም ቤት ታድሏል።» ቦካዮ ትንፋሹን ሳበ። «ጋሽ ሶራ፣ መኪናው ሲደርስ ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ባለፈው በስልክ ያናገረችኝ ሴት...»

ሶራ ስልኩን ዘጋው። ከኮረብታው እስከ ገንዳው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለእሱ ግን ከቻልቢ ረዘመበት። አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር በአፉ የተዘጋጀው ያ የዕድሜ ልክ መልስ፣ «ሰላም ነው»፣ ወደ ምላሱ ይመጣ ነበር።

ታላሶ ግራጫዋን እያለበች ነበር። የግልገሉ ቆዳ ከግመሏ አፍንጫ ሥር ተዘርግቷል፤ ጮጮው አረፋ ሞልቷል። ከመንደር ከወጡ ወዲህ ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር የታየው ያን ጊዜ ነበር።

«እይ እስቲ፣ ውሃ ሲነካት እንዴት እንደሰጠች» አለችው ቀና ሳትል። «አዳኖ ነገ ጠዋት ወተቱን ለሎኮ ይዞ ይቅደመን። ወጥተህ ደወልክ አይደል? ሰላም ነው?»

ሶራ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አይደለም፣ ታላሶ።»

እጇ ማለቡን አላቆመም። ጡቱ ባዶ እስኪሆን አለበች። ከዚያ ጮጮውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ሎኮ ናት?»

«ሎኮ ናት። ትናንት።»

አልጮኸችም። እንባዋ ግን ወረደ፤ በሻሿ አልጠረገችውም። ሶራም አለቀሰ፤ ጋልጋሎና ዘመዶቹ ቆመው እያዩት፣ ጥምጣሙ በአንገቱ ተንጠልጥሎ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ግራጫዋ ቆዳውን መላሷን ቀጠለች።

ታላሶ ጮጮውን ሳትለቅ «ጻፋት» አለች።

ሶራ የወሩን አዲስ ቅጽ ከኪሱ አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። የሞተ ግመል የሚጻፍበት መስመር አለ፤ የሞተ ፍየል የሚጻፍበት አለ፤ የሞተ ልጅ የሚጻፍበት ግን የለም። ወረቀቱን ወደ ጎን አዞረና በባዶው ጠርዝ ላይ፣ ፊደሉን አጉልቶ፣ ሎኮ ብሎ ጻፈ።